የእናቴ ማስክ በሦስት ሰው ፊት

ያን ጊዜ ስለ ማስክ ያልተከራከረ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ነበር ቢሉኝ አላምንም። ታክሲ ውስጥ ክርክር ነው፣ ዳቦ ሰልፍ ላይ ክርክር ነው። አንዱ "ጨርቅ ነው እንዴ ቫይረስ የሚያቆመው?" ይላል፤ ሌላው "ካልሸፈንክ ከአጠገቤ ዞር በል" ይላል፤ የታክሲው ረዳት ደግሞ ሁለቱንም "ትራፊክ እስክናልፍ አድርጉልኝ እንጂ ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ" ይላቸዋል። ሬዲዮው ራሱ ትናንት ያለውን ዛሬ ያፈርሰው ነበር። መጀመሪያ ጤነኛ ሰው አያስፈልገውም ተባለ፤ ቆይቶ ሁሉም ሰው ያድርግ ተባለ። ሰውም የትኛውን እንመን ብሎ ብሎ በመጨረሻ የሚመቸውን አመነ።

እኔ ከተከራካሪዎቹ ሁሉ የባስኩ ነበርኩ። ሲፈጥረኝም ቁጡ ነኝ። በዚያ ላይ በቂ ምክንያት ነበረኝ፤ እናቴ አስም አለባት።

የምንኖረው ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ሲወረድ ካለ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ተከራይተን ነበር። ክፍሏን በመጋረጃ ለሁለት ከፍለናታል፤ የእሷ አልጋ ከመጋረጃው ወዲያ፣ የእኔ ወዲህ። አርባ ዓመት አልፎኝ ከእናቴ ጋር በመኖሬ የሚያሾፉብኝ ጓደኞች ነበሩኝ። ይሹፉ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ክረምት በገባ ቁጥር ደረቷ ሲያፏጭ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ትንፋሿ የተስተካከለ ቀን እኔም ደህና አድራለሁ፣ ያልተስተካከለ ቀን አብሬ አፍናለሁ። የምትታከምበት ሐኪም ለብቻዬ ጠርቶ "ይህ በሽታ እሳቸውን ካገኛቸው አስቸጋሪ ነው የሚሆነው" ብሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሥራ ብቻ የቀረኝ መሰለኝ፤ በሽታው እናቴ ዘንድ እንዳይደርስ መከልከል።

ድልድዩ አጠገብ ልብስ የሚጠግን ሰፊ ነበር። ክርኑ የተቀደደ አረንጓዴ ዳማ ሸሚዜን ወሰድኩለትና ለእናቴ ድርብ ማስክ ሰፋልኝ። ሰውዬው ጨርቅ ላለማባከን ብሎ የደረት ኪሱን ጠርዝ ከነክሩ ስለተወው፣ በቀኝ ጉንጯ በኩል ቢጫ ስፌት ይታይ ነበር። እናቴ አድርጋው መስታወት አየችና "ሸሚዝህን ለበስኩት እኮ" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ከቤት እንዳትወጪ፣ ከወጣሽም ይህን ከፊትሽ እንዳታወርጂ፣ ለማንም እጅ እንዳትሰጪ፣ ማንንም እንዳትስሚ ብዬ ሕግ አወጣሁባት። በሳምንት ሁለት ቀን ሥላሴን ደጁን ተሳልማ እንድትመለስ ብቻ ፈቀድኩ። ፈቀድኩ ስል ራሴን ታዘብኩት፤ የወለደችኝን ሴት ነው እንግዲህ የምፈቅድላት።

የምሠራው ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ማህደር ክፍል ነበር። ባለጉዳይ መስኮት ላይ ይመጣል፣ ቁጥሩን ይነግረኛል፣ እኔ ፋይሉን አወጣለታለሁ። በሩ ላይ ወታደር የነበሩ አንድ ጥበቃ ነበሩን። ካርቶን ላይ "ማስክ የሌለው አይገባም" ብለው በእጃቸው ጽፈው ሰቅለዋል። እንዴት እንዳደረግከው አይመለከታቸውም፤ አገጭህ ላይ ይሁን፣ ይደር ይሰንብት፣ ይቆሽሽ፣ ብቻ ፊትህ አካባቢ ጨርቅ ይኑር። ከገጠር ድረስ የመጣ ሽማግሌ ቢለምናቸውም "ደንብ ነው አባቴ" ብለው ይመልሱታል። እኔ በሆዴ ጀግና ሰው እል ነበር።

አጠገቤ መስኮት ሦስት ላይ የሚሠራው ባልደረባዬ በማስክ የማያምን ሰው ነበር። የሰፈሬ ልጅ ነው፣ አፉ አያርፍም። "አቦ ተወን! ዱቄት በወንፊት ልትይዝ ነው?" ይለኛል። "ወንፊትም ቢሆን እንክርዳዱን ያስቀራል" እለዋለሁ። "ታዲያ ኮሮና እንክርዳድ ነው ያለህ ማነው? ፋራ አትሁን እንጂ ነፍሴ!" ይልና ቢሮውን ያስቀዋል። እሱ ሲያስቅ እኔ ደሜ ይፈላል። ሙያተኞች ያሉትን፣ ያነበብኩትን፣ የሰማሁትን ሁሉ እደረድርለታለሁ። ድርብ ጨርቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ሰው ሲናገር ከአፉ የሚወጣው ነገር የት ድረስ እንደሚበር በክንዴ እየለካሁ አሳየዋለሁ።

አንድ ሰኞ ዝናብ ወረደና መስኮቱን ሁሉ ዘጋግተን ፋይል ክፍሉ ውስጥ ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ክርክሩ እንደተለመደው ተነሣ። ያን ቀን በተለይ ተጋጨን፤ "እናቴ ብትሞት ያንተ የወንፊት ቀልድ ያስነሣታል?" እስከማለት ደረስኩ። እሱ መሀል መሀል ላይ ያስላል፣ "የማህደር አቧራ ነው" ይላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው አልሰማኝ ሲል ጊዜ ፊቴን ወደ ፊቱ አስጠግቼ እጮህበት ነበር። አንድ ሰዓት ያህል እንዲያ ስንጯጯህ ቆየን። ማስኬ ያን ሁሉ ጊዜ አገጬ ላይ ነበር፤ ሻይ እየጠጣሁ፣ ደግሞስ ተሸፍኜ እንዴት ልሰማ? ያን ጊዜ ይህ ነገር ትዝም አላለኝ። ወደ ቤት ስሄድ ያሸነፍኩት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ መስኮቴ ላይ መጡ። ፊታቸው ላይ አረንጓዴ ዳማ ማስክ ነበር። የእኔን ዓይነት ሸሚዝ ሌላም ሰው ነበረው ማለት ነው ብዬ ፋይላቸውን አወጣሁላቸውና ሄዱ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት መጣች። እሷም አረንጓዴ ዳማ። ቀና ብዬ በቀኝ ጉንጯ በኩል ሳይ ቢጫው ስፌት አለ። የእኔው ሸሚዝ ነው፤ እጄ ግን ፋይሏን ይፈልጋል። ከእሷ ቀጥሎ ሁለት ሰው አለፈና አንድ ወፍራም ሰውዬ መጣ። ዳገት ወጥቶ ነው መሰል አልቦታል፤ ላቡን በዚያው ማስክ ጥርግ አድርጎ መልሶ አጠለቀው።

"ይህን ማስክ ከየት ነው ያመጡት?" አልኩት።

"ውጭ አንዲት እናት አሉ" አለኝ ደስ ብሎት። "እግዜር ይስጣቸው፣ ስወጣ እመልስላቸዋለሁ።"

ሰልፉን በትኜ ወጣሁ። ከበሩ ማዶ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ እናቴ ተቀምጣለች። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች። አጠገቧ ሁለት ሰዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ።

"እማዬ! ምንድነው የምትሠሪው?"

"አረፍ ብዬ ነው። ሥላሴን ተሳልሜ ስመለስ ዳገቱ ደከመኝ።"

"ማስክሽስ?"

"ለሰው ሰጥቼው፤ አሁን ይመጣል።"

ለካ ይህ የመጀመሪያ ቀኗ አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥላሴ በተመለሰች ቁጥር እዚያ ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ነበር። የመጀመሪያው ቀን አንድ ሽማግሌ ከበር ሲመለሱ አይታ ማስኳን አወለቀችና ሰጠቻቸው። ከዚያ ነገሩ ተለመደ፤ ጥበቃው ራሳቸው ማስክ ለሌለው ሰው "እዚያ እናቲቱ ጋ ሂድ" እያሉ ይልኩላት ጀመር።

"ለማያውቁሽ ሰዎች?" አልኳት። "በአፋቸው ላይ ያደረጉትን መልሰሽ በአፍሽ ላይ?"

"እና ምን ላድርግ? ሰውየው ከሰላሌ ድረስ መጥተው በአንዲት ቁራጭ ጨርቅ ይመለሱ? እኔ አፌን ሸፍኜ ቁጭ ብዬ ልያቸው? ሰው ምን ይለኛል?"

"በሽታውስ?"

"ፀሐይ ላይ አራግፈዋለሁ። ደግሞ ነጠላዬ አለ።"

ይሉኝታ እንደ እናቴ የጸናበት ሰው አላየሁም። ቤት ውስጥ የቀረ አንድ እንቁላል ቢኖር እንግዳ መጣ ብላ የምታወጣ ሴት ናት፤ ማስክንም እንደ እንቁላሉ ነበር ያየችው። እኔ ግን ያን ሰዓት ይህን የማስብበት ጭንቅላት አልነበረኝም። መንገድ ላይ ጮህኩባት። "መሞት ነው የምትፈልጊው? ገድለሽኝ ነው የምትሞቺው?" አልኳት። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። አንዲት መንገደኛ ሴትዮ "በእናትህ ላይ እንዲህ ትጮሃለህ?" አለችኝ፤ እሷንም ሰደብኳት። ወደ ጥበቃው ዞሬ ስጮህ ሰውዬው ቀጥ ብለው ቆመው "እኔ ደንብ አላፈረስኩም። ማስክ ሳያደርግ ያስገባሁት አንድ ሰው የለም" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ወፍራሙ ሰውዬ ሲወጣ ማስኩን ከእጁ ነጥቄ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ወረወርኩት። እናቴ በነጠላዋ አፏን እንደያዘች እስከ ቤት ድረስ ከኋላዬ ሄደች።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ ሥራችን። ጠዋት ስነቃ ከመጋረጃው ወዲያ ጆሮዬን እጥላለሁ። ብታስነጥስ እነሣለሁ፣ ውሃ ብትጠጣና ቢያንቃት እነሣለሁ። እሷም ፈርታለች፤ የአስሟን ሳል ትራስ ውስጥ አፍና እንደምታስለው አውቅ ነበር። ዓርብ አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቼ ልብሴን ልለብስ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ያተኮሰው ሰው እኔ ነበርኩ።

እናቴ ግንባሬን ነካችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። "በእኔ ጦስ ነው" አለች። "እኔ ነኝ ያመጣሁብህ።"

እኔም አምኜ ነበር። ንዴቴ ከትኩሳቱ ይብስ ነበር፤ "ነግሬሽ ነበር" አልኳት፣ ደጋግሜ። መጋረጃውን ዘግተን በየወገናችን ሆንን። ምግቤን ወንበር ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች፣ እኔ ከሄደች በኋላ አነሣለሁ።

ሰኞ ዕለት ባልደረባዬ፣ መስኮት ሦስት፣ ደወለልኝ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ተኝቷል። "ማክሰኞ ነው የጀመረኝ" አለኝ። "ያን ዕለት ፋይል ክፍል ውስጥ ሳለሁም ደህና አልነበርኩም። አቧራ መስሎኝ ነው። አንተስ ደህና ነህ?"

ስልኩን ዘጋሁና ጣራውን እያየሁ ቆጠርኩ። እሱ ሰኞ አሳለ፣ ማክሰኞ ወደቀ። እኔ ቅዳሜ። እናቴ ደግሞ እስከዚያ ቀን ምንም አልነበራትም፤ ወዲያ ወዲህ እያለች ሽሮዬን ትሠራልኛለች። ሐኪም አይደለሁም፣ መቁጠር ግን እችላለሁ። በሽታው ወደ ቤታችን የገባው በእኔ አፍ ነበር። ስለ ማስክ ልከራከር ብዬ ማስኬን ባወረድኩበት አንድ ሰዓት ውስጥ።

ልነግራት ይገባኝ ነበር። መጋረጃው ማዶ ናት፤ አራት እርምጃ አይሆንም። "ኋላ እነግራታለሁ፣ ይሻለኝና" አልኩ።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ የእኔ ትኩሳት ሲበርድ እሷ ወደቀች። ሐሙስ ጠዋት መናገር አቃታት፤ ከንፈሯ ጠቆረ። አምቡላንስ ጠርተን እስኪመጣ ያለችው ጊዜ በሕይወቴ ከነበሩት ሁሉ ረጅሟ ናት። የኮሮና ሕክምና ማዕከሉ በር ላይ ስንደርስ አስታማሚ አይገባም አሉኝ። እናቴ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና እጄን ጨበጠችና፣ በአንድ ትንፋሽ አንድ ቃል እየሆነ፣

"ይቅር... በለኝ" አለችኝ።

አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል። "ይቅር ብዬሻለሁ" አልኳት። እኔ! የራሴን ጥፋት ለእሷ ይቅር አልኩላት። ወንበሩን ገፍተው ወሰዷት።

አሥራ አንድ ቀን ኦክስጅን ላይ ቆየች። በየቀኑ በሩ ላይ እየቆምኩ የሞቱት ሰዎች ስም ሲጠራ እሰማ ነበር። አንዳንዱ ቤተሰብ ስም ሲጠራለት እዚያው አስፋልቱ ላይ ይወድቅ ነበር፤ ስለዚህ ስም ሊጠራ የወጣው ሰውዬ ወረቀቱን በገለጠ ቁጥር የአጥሩን ብረት እይዛለሁ። ድናልኝ ከወጣች ሌላው ሁሉ ቀርቶ እውነቱን እነግራታለሁ ብዬ ተሳልኩ። ዳነች። ወጣች። ከሲታ ሆና፣ ከደረቷ ላይ የማይጠፋ ፉጨት ይዛ ወጣች። አልነገርኳትም። ደካማ ናት አልኩ፤ አሁን ብነግራት ትደነግጣለች አልኩ። ፈሪ ሰው ምክንያት ጠፍቶት አያውቅም።

መስኮት ሦስት አገግሞ ሥራ የጀመረ ዕለት ወደ እኔ መጣና ሰው ሁሉ እየሰማ "አንተ፣ እኔ ነኝ ያስያዝኩህ መሰለኝ። እናትህንም ጭምር። ይቅርታ አድርግልኝ" አለኝ። ማስክ አድርጎ ነበር። በማስክ የማያምነው ሰው ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። እኔን ስንት ወር የፈጀብኝ ነገር።

እናቴ መራመድ እንደቻለች የንስሐ አባቷን አስጠራች። ውጭ ቆሜ የነገረቻቸውን አልሰማሁም፣ ሲወጡ ግን እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ "ይህ ኃጢአት ስላልሆነ ነው የምነግርህ፤ አይደለም ብላት እምቢ አለችኝ፤ ልጄን ልገድለው ነበር ትላለች። ጥቂት ስግደት ሰጥቻታለሁ፣ አቅሟ በፈቀደ" አሉኝ። ጥቂቱን ወደ አርባ አንድ ያሳደገችው እሷ ናት። ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር፣ በየማለዳው፣ ሰሌኗን ከአልጋዋ አጠገብ አንጥፋ፣ እየቆጠረች። ጉልበቷ ሲንቋቋ፣ እጇ መሬት ሲነካ፣ ስትነሣ የአልጋውን ብረት ስትይዝ እሰማለሁ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ቁርሴን እበላለሁ። ሁለት ወር ከዚያም በላይ እንዲህ ኖርን። አንዳንድ ቀን ሬዲዮውን ከፍ አደርገው ነበር፤ ሬዲዮው ላይ አሁንም ማስክ ይከላከላል አይከላከልም እየተባለ ነው።

አንድ ረቡዕ ጠዋት "ሃያ ዘጠኝ" አለችና ቀጣዩ ጠፋ። ሻይ በእጄ እንደያዝኩ ጠበቅሁ። ደረቷ ያፏጫል፣ ይቆማል፣ ያፏጫል። መጋረጃውን ገለጥኩት። የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ የአንገቷ ጅማት ተገትሯል። የምትስበውን መድኃኒት ከትራሷ ሥር አውጥቼ ሰጠኋት። ብርጭቆውን ሳልለቅ ትንፋሿ እስኪመለስ በሌላው እጄ ትከሻዋን ይዤ ቆየሁ።

"ተይው እማዬ፣ ይበቃል" አልኳት።

"አሥራ ሁለት ይቀረኛል" አለችና ልትንበረከክ ጎንበስ አለች።

"አንቺ አይደለሽም ያስያዝሽኝ" አልኳት። "እኔ ነኝ አንቺን ያስያዝኩሽ።"

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ፋይል ክፍሉን፣ ዝናቡን፣ ሳሉን፣ አገጬን፣ ስልኩን። እሷ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ቀና አለች።

"መቼ ነው ይህን ያወቅከው?"

"ከመታመምሽ በፊት።"

"በር ላይ ይቅር ስትለኝ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

እንደምትቆጣኝ፣ ወይም እንደምታለቅስ፣ ወይም እንደ ልማዷ "ምንም አይደል ልጄ" እንደምትለኝ ጠብቄ ነበር። እውነቱን ለመናገር የመጨረሻውን ነበር የፈለግሁት።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ጠዋት" አለችኝ፣ "እኔ ስሰግድ አንተ ምን ትሠራ ነበር?"

ቁርሴን እበላ ነበር።

ከሰሌኑ ላይ ወረደች፣ ነጠላዋን አስተካከለችና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ና" አለችኝ ሰሌኑን እያሳየች። "አሥራ ሁለት ይቀራል።"

ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጬ ተንበረከክሁና ግንባሬን ሰሌኑ ላይ አደረግሁ። እናቴ ከላዬ ሆና "ሠላሳ" ብላ መቁጠር ጀመረች፤ ድምፅዋ አልራራልኝም።